ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ አትለጥፊው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትወርዝ ነው። እናቴ ከጎንደር ልትመጣ ስለሆነ የራሷ መኝታና መታጠቢያ ይኑራት ብዬ ቤዝመንቱን ማሠራት ጀመርኩ። ሰው ካገናኘኝ የሀበሻ ኮንትራክተር ጋር በ18,000 ዶላር ተስማማንና 9,000ውን በቅድሚያ ሰጠሁት። ስለ ፐርሚት ስጠይቀው «እሱን ለእኔ ተዪው» ብሎ በቴሌግራም ጻፈልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ «ሥራ አቁም» የሚል ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። ቀጥሎ በፖስታ «ያለ ፈቃድ ግንባታ» ተብሎ ቅጣት መጣ። ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። ኮንትራክተሩ ስልክ ማንሳት ትቷል። የአጎቴ ልጅ «ከፍለሽ ተገላገዪ» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ዝም ብለሽ ካጂ፣ ኢንስፔክተሩ ካልመጣ ይሰረዛል» ትለኛለች። የዜግነት ማመልከቻ ስላስገባሁ እሱም እንቅልፍ ነስቶኛል። ምን ይሉኛል?

ጭንቅ የገባት፣ ከፔትወርዝ

መልስ፦ እህቴ፣ እንደ ደረሰሽ ለማንም ሳትደውዪ የቅጣቱ ወረቀት ላይ ያለውን ቀን ፈልጊ። ማስታወቂያው በእጅ የተሰጠበት ወይም በፖስታ የተላከበት ቀን ተጽፎበታል። በእጅ ከተሰጠሽ መልስ ለመስጠት 15 ቀን አለሽ። በፖስታ ከሆነ 5 ቀን ይጨመርና 20 ይሆናል። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። አንቺ ፖስታውን ከከፈትሽበት ቀን አይደለም የሚቆጠረው። ይህን ደጋግሜ የምለው ብዙ ሰው ፖስታውን የሚከፍተው በሳምንቱ ስለሆነ ነው። እኔንም ጨምሮ።

የራሴን ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ «አናጢ አይደለሁ እንዴ» ብዬ በገዛ ጓሮዬ ዴክ (የእንጨት መድረክ) ሠራሁ። እንጨቱ ጥሩ፣ ምስማሩ ጥሩ፣ ፈቃዱ የለም። ወረቀቱ ሲመጣ «ነገ አየዋለሁ» ብዬ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፍኩት። ቀስ በቀስ የፒዛ ቤት ሜኑ ላዩ ላይ መጣ፣ ከዚያ የልጄ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ ከዚያ የክርስትና ጥሪ። ሁለተኛው ፖስታ ሲመጣ ዋናው ቅጣት እንዳለ ሆኖ ያን የሚያህል ሌላ ቅጣት ተደርቦበታል። ዴክ ስለሠራሁ ሳይሆን መልስ ስላልሰጠሁ! ሕጉ ዛሬም እንደዚሁ ነው። ዝም ያለ ሰው ዕዳው ያድጋል፣ ቆይቶም ቤቱ ላይ የዕዳ እገዳ ሊመዘገብበት ይችላል። ቤቱን ሊሸጥ ሲል ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሣጥኖቹ እንምጣ። የማስታወቂያው መልስ መስጫ ላይ ሦስት ምርጫ አለ። «አምናለሁ»፣ «አምናለሁ፣ ግን ማብራሪያ አለኝ»፣ «እክዳለሁ»። የአጎትሽ ልጅ የመጀመሪያውን፣ ጓደኛሽ የመጨረሻውን መርጠውልሻል። የመሐሉን ማንም አላየውም። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን የመሐሉን ነው የምይዘው።

ለምን በይኝ። ብትክጂ ጉዳዩ የአስተዳደር ችሎት ቢሮ ይቀርባል። በስልክ ወይም በቪዲዮም ሊሆን ይችላል። እርግጥ ጥፋቱን ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው። ነገር ግን መሐላ ከፈጸምሽ በኋላ «ፐርሚት ነበረሽ?» ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው? ኢንስፔክተሩ የቆመውን ድራይዎል (የጂፕሰም ግድግዳ) ፎቶ አንስቶታል። ፈቃድ አለመኖሩ ኮምፒውተር ላይ አለ። «ካልመጣ ይሰረዛል» የሚለው የፓርኪንግ ቲኬት ወሬ ነው፤ ለዚህ አይሆንም። ደግሞ በቪዲዮ ከሆነ ከወንበሩ ሳይነሳ ነው የሚገባው።

መካድ የሚያዋጣበት ጊዜ የለም አላልኩም። ሥራው ቤቱን ከመግዛትሽ በፊት የተሠራ ከሆነ፣ አድራሻው የሌላ ሰው ከሆነ፣ ወይም የሠራሽው ቀለም መቀባትና ወለል መቀየር ብቻ ከሆነ ካጂ፤ ለቀለምና ለወለል ፈቃድ አያስፈልግም። ያንቺ ግን አዲስ መታጠቢያ ቤት ነው። ቧንቧና ኤሌክትሪክ አለበት።

የመሐሉን ሣጥን ስትመርጪ ጥፋቱን ተቀብለሽ ቅጣቱ እንዲቀነስልሽ ትጠይቂያለሽ። ማብራሪያውን በጽሑፍ ነው የምታቀርቢው። ዳኛው በተለይ የሚያዩት ጥፋትሽን መቀበልሽን፣ ከዚህ በፊት ሪከርድ እንደሌለሽና ነገሩን ለማስተካከል ቶሎ መንቀሳቀስሽን ነው። ትልቁ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ማብራሪያሽ «አላወቅሁም፣ ይቅርታ» ብቻ አይሁን። ሥራው እንደቆመ የሚያሳይ ፎቶ፣ የፈቃድ ማመልከቻ ያስገባሽበት ደረሰኝ፣ ውሉና የከፈልሽበት ቼክ አብረው ይግቡ። ያቺ «እሱን ለእኔ ተዪው» የምትል የቴሌግራም መልእክትም ትግባ፤ ከነቀኗ ስክሪንሾት አንሺያትና በእንግሊዝኛ አስተርጉመሻት አያይዢ። የቤቱ ባለቤት አንቺ ስለሆንሽ መልእክቷ ኃላፊነቱን ከላይሽ አታወርደውም። ሆን ብለሽ እንዳልሆነ ግን ታሳያለች። የቀረውን በአንዴ መክፈል ካቃተሽ ደግሞ በየወሩ ከፍለሽ እንድትጨርሺ ጠይቂ።

ቋንቋው ካስፈራሽ የአጎትሽን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጊው። ከተማው ቋንቋን የሚመለከት ሕግ ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ነው። አማርኛም መሥሪያ ቤቶቹ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ችሎት መቅረብ ካለብሽ ቀድመሽ ጠይቂ፣ አስተርጓሚ በነፃ ይመደብልሻል። ዘመድ ሲያስተረጉም ያሳጥራል፣ ይመክራል፣ አንዳንዴም ያስታርቃል። አንድ ደንበኛዬ «ኢንፍራክሽን» (የደንብ ጥፋት) የሚለውን የገዛ ወንድሙ «ወንጀል» ብሎ ተርጉሞለት ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም።

ስለ ዜግነቱም ይኸው ነው። ይህ የፍትሐ ብሔር ዓይነት ጥፋት እንጂ የወንጀል ክስ አይደለም። ፎርሙ የሚጠይቅሽን በእውነት መልሺ፣ ወረቀቱን ለኢሚግሬሽን ጠበቃሽ አሳዪ፣ እንቅልፍሽንም ተኚ።

የአጎትሽ ልጅ ያልነገረሽ ነገር ደግሞ አለ። ቅጣቱን ብትከፍዪም ቤዝመንቱ ሕጋዊ አይሆንም። ፈቃዱን አሁንም ማውጣት አለብሽ። ድሮ ሁላችንም ዲሲአርኤ የምንለው መሥሪያ ቤት በ2022 ለሁለት ተከፍሏል። የግንባታው ጉዳይ አሁን «ዲፓርትመንት ኦቭ ቢልዲንግስ» በሚባለው በኩል ነው። ሥራው ከፈቃዱ ስለቀደመ የተዘጋው ግድግዳ ሽቦውና ቧንቧው እንዲታይ ሊከፈት ይችላል። ያማል፣ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ራሴ የሰቀልኩትን ድራይዎል ራሴ አፍርሻለሁ።

ሥዕል የሚሠራልሽን አርክቴክት ከመጥራትሽ በፊት ግን ሜትር ይዘሽ ወደ እናትሽ መኝታ ውረጂ። ከወለሉ እስከ መስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ለኪ። በመኖሪያ ቤት ኮዱ ለማምለጫ የሚሆን የመኝታ ቤት መስኮት ከ44 ኢንች በላይ ከፍ ማለት የለበትም። እሳት ቢነሳ እናትሽ በዚያ መውጣት አለባት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውም በዚያ መግባት አለበት። የፔትወርዝ የድሮ ቤቶች ቤዝመንት መስኮት ጣሪያው ሥር የተወሸቀች ጠባብ ነገር ናት። ሜትሩ 60 ኢንች ካለሽ ጉዳዩ ከፈቃድ ወረቀትም በላይ ነው። መስኮቱ መስፋት አለበት፣ ዋጋውም ከቅጣቱ ይበልጣል።

አሁን እኔን ያናደደኝ ጋ ልምጣ። ሁላችሁም ስለ 2,000ው ትጨቃጨቃላችሁ፣ 9,000ው ግን ተረስቷል። በዲሲ ደንብ የቤት እድሳት ላይሰንስ የሌለው ሰው ሥራው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ አንድ ዶላር መቀበል አይፈቀድለትም። ከተቀበለ ውሉ ዋጋ የለውም፣ የከፈልሽውን መልስ ልትዪው ትችያለሽ። «ግማሹን ሠርቻለሁ» ማለት አያድነውም፤ ፍርድ ቤቶቹ በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። ላይሰንስ እንዳለው ከከተማው ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልጊ። ከሌለው፣ የአነስተኛ ገንዘብ ክስ የሚታይበት ችሎት እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ያያል። ያንቺ 9,000 ነው፣ ይገባል። ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም፤ ግን አንድ ሰዓት ማማከሩ አይከፋም።

«ያገሬ ልጅ ነው፣ እንዴት እከሰዋለሁ» እንዳትዪኝ። እኔም ያገሩ ልጅ ነኝ፣ በዚሁ ሥራ እንጀራዬን በልቻለሁ፣ ፐርሚት ለማውጣትም ሰልፍ ቆሜያለሁ። ሽማግሌ መላክ ካማረሽ ላኪ፤ ከሽማግሌው ጋር ግን ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ይሂድ፣ ኮፒውም አንቺ ጋ ይቅር።

ቀዩን ወረቀት ደግሞ ከበሩ ላይ እንዳትነቅዪው። እናትሽ ብትደርስም፣ ጎረቤት ቢያይም ተዪው። እሱን መቅደድ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ ማብራሪያሽንም ያበላሸዋል። እናትሽ «ምንድነው ይሄ?» ካለችሽ «የጋሼ ዴክ ወንድም ነው» በያት።