ጥያቄና መልስ፦ ሞመንተሙ ለምን ያድጋል?

ጥያቄ፦ ወደ ላይ ተወርውሮ የሚሽከረከር የክብሪት ሳጥን በፓይተን እያሰላሁ ነው። ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያዎቹን (በሦስቱ ዘንጎች ዙሪያ ለመሽከርከር ያለውን እምቢታ) 1፣ 2 እና 3፣ መነሻ አንጉላር ሞመንተሙን (የመሽከርከር ሞመንተሙን) (1፣ 1፣ 1)፣ የጊዜ እርምጃውን 0.1 አደረግሁ። ምንም ሳይነካው ሞመንተሙ ያድጋል። በየእርምጃው የማደርገው ለውጡን በ0.1 አባዝቶ መደመር ብቻ ነው። ደግሞስ ይህ ከውሃ ሞገድ ጋር ምን አገናኘው? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ ኮድዎ ደህና ነው። እኩልታውም ዘዴውም የሒሳብ ሊቁ የኦይለር ናቸው፤ ጥፋቱ የዘዴው ነው። የሞመንተሙ ለውጥ ማለት ሞመንተሙ ከዙረት ፍጥነቱ ጋር ያለው ክሮስ ፕሮዳክት (ለሁለቱም ቀጤ ነክ የሆነ ቬክተር የሚሰጥ ብዜት) ስለሆነ፣ ለሞመንተሙ ሁልጊዜ ቀጤ ነክ ነው። ስለዚህ ርዝመቱ አይለወጥም፣ እውነተኛው መንገድ ሉል ላይ ይዞራል፤ ዘዴው ግን በታንጀንቱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከሉሉ ውጪ ያርፋል። ወደ ውስጥ የሚስትበት ጊዜ የለም። በእርስዎ ቁጥሮች የዙረት ፍጥነቱ (1፣ 1/2፣ 1/3)፣ ክሮስ ፕሮዳክቱ (-1/6፣ 2/3፣ -1/2)፣ የርዝመቱ ስኩዌር 26/36 ነው። በእርምጃው ስኩዌር፣ በ0.01፣ ሲባዛ 0.0072 ይሆናል፤ ስለዚህ የሞመንተሙ ስኩዌር ገና በመጀመሪያው እርምጃ ከ3 ወደ 3.0072 ወጣ። እርምጃውን በግማሽ ቢያሳንሱ የየእርምጃው ስህተት ሩብ ይሆናል፤ እርምጃዎቹ ግን እጥፍ ስለሚሆኑ የሚቀንሰው ግማሹ ብቻ ነው።

(በነገራችን ላይ 1+2=3 ስለሆነ ያሰሉት ሳጥን ሳይሆን ውፍረት የሌለው ገበታ ነው። ለሳጥን 2፣ 3፣ 4 ይሞክሩ።)

መፍትሔው፦ የመነሻና የመድረሻ ሞመንተሞቹን አማካይ ወስደው ዙረት ፍጥነቱንም ክሮስ ፕሮዳክቱንም በእሱ ያስሉ። መድረሻው ገና ስለማይታወቅ ከግምት ተነስተው፣ ልዩነቱ ከ10⁻¹² እስኪያንስ ይደጋግሙ፤ ሁለቴ ደግመው ካቆሙ መንሸራተቱ ይመለሳል። ርዝመቱም ኢነርጂውም በስኩዌር የተሠሩ ስለሆኑ ዘዴው ሁለቱንም ይጠብቃል። ሞመንተሙን በየእርምጃው ወደ ሉሉ መልሶ መቁረጥ ግን ኢነርጂውን አያድንም።

ወደ ሞገዱ ስንመጣ፣ በ1966 የሒሳብ ሊቁ አርኖልድ እንዳሳየው፣ የማይጨመቅና ያለ ሰበቃ የሚፈስ ፈሳሽም እንደ ሳጥኑ በሊ ግሩፕ (ያለ መቆራረጥ የሚለዋወጡ እንቅስቃሴዎች ስብስብ) ላይ ጂኦዴሲክ (አጭሩን መንገድ የመሰለ መስመር) ይከተላል፤ የሚለየው ግሩፑ ነው። የውሃ ሞገድን በሚገልጸው የካማሳና ሆልም የ1993 እኩልታ ሞመንተሙ የሚገኘው ከፍጥነቱ ላይ የቦታ ሁለተኛ ዴሪቬቲቩን በመቀነስ ነው፤ ይህ ኦፕሬተር (ፍጥነትን ወደ ሞመንተም የሚቀይር ስሌት) የእርስዎን 1፣ 2፣ 3 ቦታ ይይዛል። መፍትሔዎቹ እንደ ጎጆ ጉልላት የሾሉ ሞገዶች ሲሆኑ፣ ከፍታው የሚበልጠው ሞገድ ፈጣን ነው። ጫፉ ላይ ስሎፑ ስለሚዘል ተራ ግሪድ (ቦታውን በቋሚ ነጥቦች ከፋፍሎ ማስላት) የሐሰት ንዝረት ያመጣል፤ ለየጫፉ ቦታና ሞመንተም ሰጥተው እንደ ቅንጣት ያስሉት። ሐይቅ ዳር ቆመው የሚያዩት የነፋስ ሞገድ ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ እኩልታው የሞገዱ ርዝመት ከውሃው ጥልቀት በጣም ለሚበልጥበት ነው።