ስለ አራስ እናት ድባቴና ስለ ልጆች የእግር ስብራት፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የሕክምና ጥናቶችን ማንበብና ማጣራት ነው። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በሁለት ነገር ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ድባቴና ስለ ልጆች እግር ስብራት። ሁለቱንም አብሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ሳምንቴ ነው። ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል። ድባቴ ይዞኝ ይሆን?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባሱ አብዛኞቹን እናቶች ይነካል። ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም ልጅሽ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለሽና ምንም ነገር ደስ ካላለሽ ተመርመሪ። ድባቴ ከ7 እናቶች አንዷን ገደማ የሚይዝ ሕመም ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ኤደንብራ የሚባለው የድባቴ መመዘኛ 10 ጥያቄዎች አሉት። የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል። ለእሱ መልስሽ «አዎ» ከሆነ፣ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ከእውነታ የራቀ ነገር ማመን ከመጣም ድንገተኛ ሕመም ነው፤ አይታደርበትም።

ጥያቄ፦ በ14 ቀን የሚያድን ክኒን ወጣ ይባላል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ ክኒኑ አለ፤ «የሚያድን» የምትለዋ ግን ትቆየን። ስሙ ዙራኖሎን ነው። በአሜሪካ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። ከወሊድ በኋላ በድንገት በሚያሽቆለቁል፣ አንጎልን በሚያረጋጋ የተፈጥሮ ሆርሞን አምሳያ የተሠራ ነው። በዚሁ መንገድ የሚሠራው የቀድሞው ብሬክሳኖሎን በ2019 ሲፈቀድ በደም ሥር ለ60 ሰዓት መንጠባጠብ ነበረበት፤ ክኒን መምጣቱ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንየው። 200 ገደማ ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ በ15ኛው ቀን የድባቴ ነጥባቸው ክኒኑን የወሰዱት በ15.6፣ ፕላሴቦ (ማስመሰያ) የወሰዱት በ11.6 ቀነሰ። አያችሁ? መድኃኒት የሌለበት ክኒን የዋጡትም ብዙ ተሻላቸው! ጊዜው፣ ክትትሉ፣ የሚጠይቃቸው ሰው መኖሩ ራሱ ይሠራል። የክኒኑ የራሱ ድርሻ 4 ነጥብ ያህል ነው። ጥሩ ነው፣ ፈጣንም ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ክትትሉም ለ45 ቀን ብቻ ነበር። እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚል ከወሰዱ በኋላ ለ12 ሰዓት መኪና መንዳት ክልክል ነው። በጥናቱ ወቅት እናቶቹ ጡታቸውን አላጠቡም፤ ለምታጠባ እናት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ባልፈልግስ?

መልስ፦ እኔ ከሁሉም የምወደው ጥናት እዚህ ላይ ነው። በፓኪስታን ገጠር፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ቀለል ያለ የንግግር ሕክምና ሰጡ። ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው፣ በድባቴ ውስጥ የቀሩት ሕክምናውን ካገኙት እናቶች 23 በመቶ፣ ካላገኙት 53 በመቶ ነበሩ። ድባቴው ከከበደ ግን መድኃኒት ይጨመር። ሰርትራሊን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለሚያጠቡ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ጭኑ ተሰብሮ ከወገቡ ጀምሮ ጄሶ ታሰረ። ለምን ብረት አልገባለትም?

መልስ፦ በዕድሜው ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት አብዛኛው የጭን ስብራት በጄሶ ይድናል። ከ5 እስከ 11 የሚተጣጠፍ ቀጭን ብረት አጥንቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ወይም ልጁ ከባድ ከሆነ ጠንከር ያለው። የልጅ አጥንት ሽፋኑ ወፍራም ነው፤ ስብራቱን እንደ እጅጌ አቅፎ ይይዘዋል። ደግሞ የተሰበረው ጭን ከጤነኛው ፈጥኖ ስለሚያድግ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በራጅ ላይ አጥንቱ ትንሽ ተደራርቦ ቢታይ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ እግሯን አትረግጥም፤ ራጁ ግን ንጹሕ ነው ተባልን።

መልስ፦ የቅልጥም ስንጥቅ በዚህ ዕድሜ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ሲደገም አዲስ አጥንት ይታያል። ትኩሳት ካላት ግን አትጠብቁ፤ የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አንዱ ሐኪም ጄሶ፣ ሌላው ብረት ይላል። ጥናት የለም እንዴ?

መልስ፦ አለ፤ ግን ትንሽ ነው። ክኒንን በማስመሰያ ማወዳደር ይቻላል። ጄሶን ግን ማን ይደብቀዋል? «ልጅዎ ጄሶ ይታሰር ወይስ ብረት ይግባለት፣ በዕጣ ይወሰን» ቢባል እሺ የሚል ወላጅም ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን አለኝ፤ ትልቁ ደግሞ ጄሶ ውስጥ ነው። አልቻልኩም።

መልስ፦ አይፈረድብሽም፣ እህቴ። ልጁን ማገላበጡንና ማጽዳቱን ለሌላ ሰው ስጪ፤ ሌሊቱን ተከፋፈሉ። የእግሩ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ፣ ማስታገሻ ወስዶም ለቅሶው ከባሰበት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። የሚቀጥለው የራጅ ቀጠሮ ላይ ደግሞ ስለራስሽም ተናገሪ፤ «እኔም ደህና አይደለሁም» በይ። የአጥንት ሐኪሙ ራሱ ባያክምሽም ወደሚመለከተው ሊልክሽ ይችላል።