መልስ፦ የዊሊ ኔልሰን «ካንትሪማን» ለምን አልጣመኝም?

ወንድሜ፣ «የዊሊን ስታርደስት አልበም ወድጄ ካንትሪማንን ብገዛ አልጣመኝም፤ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው?» ብለሃል። ጆሮህ ደህና ነው። የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ዘፋኙ የሽማግሌው ዊሊ ወዳጅ ነኝ፤ ይህን አልበም ግን ከዳር እስከ ዳር የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

አልበሙ የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ሥራው የተጀመረው ወደ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሐሳቡ የካንትሪ ዘፈኖችን በሬጌ ምት መጫወት ነበር። ችግሩም እዚያው ነው። የዊሊ ጥበብ ቃሉን ከምቱ ዘግየት ወይም ቀደም አድርጎ፣ እንደሚያወራ ሰው መዝፈን ነው። ለዚህ ደግሞ ከሥሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ምት ያስፈልገዋል። ሬጌ ግን ራሱ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ሙዚቃ ነው፤ ጊታሩ በምቶቹ መካከል ይመታል፣ ቤዙ እንዳሻው ይዘፍናል። ሁለቱም ሲዘገዩ መሬቱን የሚይዝ ይጠፋል። ትሪገር የሚላት ያቺ የተቦረቦረች ጊታሩም የልቧን የምትናገርበት ቦታ አላገኘችም። በሬጌ ላደግን ለእኛ ደግሞ በአልበሙ ያሉትን የጃማይካዊውን የሬጌ ዘፋኝ የጂሚ ክሊፍን ዘፈኖች ያለ እሱ ቁጣ መስማት ይከብዳል።

ከጃማይካዊው የሬጌ ዘፋኝ ከቱትስ ሂበርት ጋር የዘፈነውን የጆኒ ካሽ ዘፈን ግን አትለፈው፤ እዚያ ሁለቱም ነቅተዋል። (ሽፋኑ ላይ ያለው የካናቢስ ቅጠል ለአሜሪካው የሱቅ ሰንሰለት ለዎልማርት ሲባል በዘንባባ መተካቱ ከአንዳንዶቹ ዘፈኖች ይልቅ ያስቃል።)

ገንዘብህን ለ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) የዊሊ አልበም «ቴአትሮ» አውጣ። እዚያም ከበሮው እንግዳ ነው፤ የዊሊ ድምፅ ግን መተንፈሻ አለው።