የኮትቻ መሬትና የስኳር ፋብሪካ አመድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ዱከም ባለችኝ ቦታ ላይ አነስ ያለች ቪላ ልሠራ ነው። መሬቱ ጥቁር ኮትቻ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ጫማ ይነጥቃል። ሥራ ተቋራጩ «ጥቁሩን ቆርጠን ገረጋንቲ እንሙላ» ይለኛል። የገረጋንቲው ዋጋ ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ የስኳር ፋብሪካ አመድ ከአፈሩ ጋር ቢደባለቅ ያጠነክረዋል የሚል ነገር አንብቧል። ወንጂ ሩቅ አይደለም። ከአሮጌው ቤት የፈረሰ ጡብና ብሎኬትም ግቢው ውስጥ ተከምሯል። ይረዱኛል?

መልስ፦ መምህር፣ ልጁ ያነበበው እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው። እኔም የዕለት ሥራዬ አፈር መመርመር ስለሆነ ጉዳዩ ይቆረቁረኛል። ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

ኮትቻ ውስጥ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን አለ። በስስ በስሱ የተነባበረ ነው። ውሃ በመሃሉ ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ትልቅ ፎቅ በክብደቱ ሊጫነው ይችላል። ቪላና አስፋልት ግን ቀላል ስለሆኑ ያነሣቸዋል። ከመስኮት ጥግ የሚነሣው ሰያፍ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

የዚህ አፈር ዋና መድኃኒት ኖራ ነው። ኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም የሸክላውን ቅንጣቶች ያሰባስባቸዋል። ሙጭጭ ይል የነበረው አፈር መፈርፈር ይጀምራል። ከዚያ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ካልሲየሙ ሸክላው ውስጥ ካሉት ሲሊካና አሉሚና ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋህዶ ሲሚንቶ ውስጥ ያለውን ዓይነት ማሰሪያ ይሠራል።

አመዱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጭማቂው የወጣለት አገዳ በፋብሪካው ቦይለር ይቃጠላል። እንፋሎትና መብራት ይሰጣል፣ አመዱ ይቀራል። ይህ አመድ ሲሊካው ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ብቻውን ኮትቻን አይገራም። ከኖራ ጋር ሲሆን ግን ጥሩ አጋር ነው፤ የኖራውንም መጠን ሊቀንስ ይችላል። ኖራ የሚገኘው ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ ነው። ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። የሚጣል ነገር የኖራን ቦታ በከፊል ቢሸፍን ለኪስም ለአየርም ትርፍ ነው።

አመድ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ላብራቶሪ በጆንያ ሲመጣልኝ መጀመሪያ በእጄ አፍሼ አየዋለሁ። ጠቁሮ የአገዳ ጭረት ከታየበት በደንብ አልተቃጠለም፤ ያልነደደ ካርቦን ይዟል። ግራጫና ደቃቅ የሆነው ይሻላል። እሱም ቢሆን ተነፍቶ፣ ከራስዎ አፈር ጋር በተለያየ መጠን ተሞክሮ ነው መጠኑ የሚታወቀው። ለኖራ ብዙ ጊዜ ከደረቅ አፈሩ ክብደት ከ3 እስከ 8 በመቶ ይሞከራል። የሌላ ሰው ግቢ ቀመር ለእርስዎ አይሆንም።

አሁን ወደ ቤትዎ። ከመሠረቱ ሥር ይህን ድብልቅ እንዲያደርጉ አልመክርዎትም። ድብልቁ በስስ ንብብር፣ በተመጠነ ውሃ፣ በማሽን ተቀላቅሎና በሮለር ተጠቅጥቆ ነው የሚሠራው። በአካፋ እያገላበጡ ኮትቻን ከኖራ ጋር አንድ ወጥ ማድረግ በጣም ከባድ ነው። ከሥሩ ያለው ያልታከመ አፈርም ማበጡን አይተውም። ለመኪና መግቢያዎና ለሰፈሩ መንገድ ግን በደንብ ይሆናል። በእኔ እምነት የአመዱ ትክክለኛ ቦታ መንገድ ነው። ገረጋንቲ ፍለጋ ኮረብታ እየናድን ከሩቅ የምናመላልሰው ለመንገድ ነውና።

ስንት ሜትር ይቆረጥ የሚለውን በግምት አይወስኑ። የአፈር ምርመራ ያሠሩ። ከዚያ በፊት ራስዎ የሚሞክሩት ነገር አለ። ደርቆ በደቃቅ ወንፊት የተነፋ አፈር 10 ሚሊ ሊትር ይለኩ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በሚይዝ ባለመስመር ሲሊንደር ጨምረው ውሃ ይሙሉና ለ24 ሰዓት ይተዉት። አፈሩ 20 ላይ ከደረሰ መጠኑ እጥፍ ሆኗል፤ ክፉ አፈር ነው።

ገረጋንቲው ልቅ ከሆነ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፤ በደንብ ይጠቅጠቅ። የአሸንዳውን ውሃ ከግድግዳው ያርቁ። ሴፕቲክ ታንኩን ከቤቱ ሥር አያስጠጉ። ባሕር ዛፍም አጠገብ አይትከሉ፤ እርጥበቱን ይመጠውና አፈሩ ይኮማተራል።

ፍርስራሹ ተሰባብሮ ለመኪና መግቢያው መደልደያ ይሁን። ጀሶ የተለሰነበትን ግን ለይተው ያውጡ። በጀሶ ውስጥ ያለው ሰልፌት ከኖራና ከሸክላ ጋር ሲገናኝ አዲስ ማዕድን ይፈጠራል፤ እሱ ራሱ ያብጣል። በኖራ የታከመ መንገድ ተመልሶ ሲያብጥ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን የውስጥ መንገድ በመዋጮ ልንሠራ ነው። የተሰበሰበውን የውሃ ፕላስቲክ ቆራርጠን አፈሩ ውስጥ ብንጨምረውስ? (የሰፈር ኮሚቴ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ቁርጥራጩ የሚሠራው በጭቃ ቤት ውስጥ የጤፍ ጭድ የሚሠራውን ነው። አፈሩን አያያዥ ይሆናል፣ ስንጥቁን ይገታል። የአፈሩን ጠባይ ግን አይለውጥም፤ ኮትቻ ኮትቻ ሆኖ ይቀራል። ሲበዛም መጠቅጠቁን ያበላሻል። ከላይ ያለው ንብብር ተቦርቡሮ ሲሄድ ፕላስቲኩ ወደ ወንዝ ይገባል። እኔ ብሆን ጠርሙሱን ለሚሰበስቡት ሰዎች ሸጬ ገንዘቡን ለመንገዱ ቦይ አውለው ነበር። ከፕላስቲኩ ይልቅ መንገዱን የሚያተርፈው የቦዩ ሥራ ነው።