ቦርድ ሥራ አስኪያጅን የት ድረስ ያዝዛል?

ወንድሜ፣ «ሥራ አስኪያጁን የሾመው ቦርዱ ከሆነ፣ ጥፋቱን እያየ ለምን ወራት ሙሉ ዝም ይላል? አቅም የለውም ወይስ ተስማምቷል?» ብለህ ጠይቀሃል። እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ አክሲዮን ማኅበር ቦርድ ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሥራ አስኪያጅም አሰናብተናል። ያየሁትን ልንገርህ።

በወረቀት ከሄድን ነገሩ አጭር ነው። የንግድ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ሥራ አስኪያጁን የመሾምም የመሻርም ሥልጣን ለቦርዱ ይሰጣል። ሰውየው የሥራ መሪ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፍነውም፤ ጉዳዩ በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ቦርዱ የሚያየው ሥራ አስኪያጁ ያሳየውን ነው። የምንሰበሰበው በየሦስት ወሩ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ ነበር። ሰነዱ የሚደርሰን ዓርብ ማታ ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ አንዱ ሐኪም፣ ሌላው ከደብረ ታቦር የሚመጣ እህል ነጋዴ። በአንድ ሌሊት ያን ሁሉ ገጽ ማን አንብቦ ይጨርሳል?

አንድ ቅዳሜ ነጋዴው «አሁን መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል አለ?» ብሎ ጠየቀ። የፋይናንስ ኃላፊው አፉን ከፈተ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ አየ፣ መልሶ ዘጋው። «በሚቀጥለው ስብሰባ እናቀርባለን» ተባልን። ሰኞ ዕለት ሁለታችን ባጃጅ ይዘን መጋዘኑ ድረስ ሄድን። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቁልፉን እጁ ላይ እንደያዘ «ያለ ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ አልከፍትም» አለን። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ልጁ ግን ትክክል ነው። የቦርድ አባል ብቻውን ማንንም ማዘዝ አይችልም። ሥልጣኑ ያለው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ፣ ተወስኖ፣ ቃለ ጉባኤ ሲያዝ ነው።

በመጨረሻ ወሰንን። ያኔም አላለቀም። ቃለ ጉባኤው እስኪጸድቅ፣ የንግድ ምዝገባው እስኪስተካከል፣ ባንክ ፊርማ እስኪቀየር ድረስ በውጭ ሰው ዓይን ሥራ አስኪያጁ እሱ ነው። በዚያ መሃል የፈረመውን የትራንስፖርት ውል ከፍለናል። ባለ መኪናው በቅን ልቦና ነው የተዋዋለው፤ ምን እንበለው? ቀጥሎ ትልልቅ ባለአክሲዮኖች ተሰባስበው መጡ። እኛን የሚመርጠንም የሚሽረንም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሰውየው እዚያ ውስጥ ወዳጅ ካለው፣ ወንበሩ የሚነቃነቀው ያንተ ነው።

ሠራተኛውም አለ። ቻትጂፒቲን የሠራውን የአሜሪካ ድርጅት፣ የኦፕንኤአይን ታሪክ ሰምተህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ቦርዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ሳም አልትማንን አሰናበተ። ውሳኔው በሥልጣኑ ነበር። ግን ከ700 በላይ ሠራተኞች «ካልተመለሰ እንለቃለን» ብለው ፈረሙ፤ ማይክሮሶፍትም ለሰውየው በሩን ከፈተለት። በቀናት ውስጥ ተመለሰ። ከቦርዱ አብዛኞቹ ወጡ። የእኛዋ ትንሽ ድርጅት ውስጥም ሁለት ኃላፊዎች ተከትለውት ሄደዋል።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ ይህ ነው፦ አብዛኛው ቦርድ ዝም የሚለው ተስማምቶ ሳይሆን ሥራ አስኪያጁን የሚቆጣጠርበት መያዣ ስለሌለው ነው። መያዣው የሚበጀው ሰውየው ሲቀጠር ነው። ከስንት ብር በላይ ብቻውን እንደማይፈርም፣ ቼክ ላይ ሁለተኛው ፊርማ የማን እንደሆነ፣ በምን ምክንያት እንደሚሰናበት ውሉ ውስጥ ይግባ። በጠቅላላ ጉባኤ የተመረጠውን የውጭ ኦዲተርም ሥራ አስኪያጁ በሌለበት አነጋግሩት። እኛ ይህን ያደረግነው ከተጎዳን በኋላ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በሌላ በኩል፣ ሰብሳቢው ቅጥርና ግዢ ውስጥ እጁን ሲያስገባም አይቻለሁ፤ እሱም ድርጅት ይገድላል።

የአንተ ድርጅት የውስጥ ኦዲተር ሪፖርቱን በቀጥታ ለማን እንደሚያስገባ ጠይቅና እዚሁ ጻፍልኝ። ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ከሆነ፣ ቦርዱ ለምን ዝም እንዳለ እዚያው ታገኘዋለህ።