የምዝገባውን ቀን እዩ

ወዳጆቼ፣

ጾም ሲገባ፣ ሰው ሲሞት፣ ወይም አንድ ከባድ ጥፋት አጥፍታችሁ እንቅልፍ ስታጡ አንድ ጥያቄ ይመጣባችኋል፤ «እስከ ዛሬ የሠራሁት ደግ ነገር ይበቃኝ ይሆን?» ይህ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ዕድሜውን በሒሳብ መዝገብ ላይ የጨረሰ ሰው በሙያው ቋንቋ ቢመልስላችሁ ቅር አትሰኙ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በዚሁ ቋንቋ ነው የመለሰው። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 4 ውስጥ «ተቈጠረ» የሚለው ቃል በግሪኩ 11 ጊዜ ተጽፏል። ነጋዴ አንድን ሒሳብ በሰው ስም ሲያሰፍር የሚጠቀምበት ቃል ነው።

ከኃጢአት እንጀምር። «ኃጢአት» ከግእዙ «ኀጥአ» የወጣ ነው፤ አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። ኪሳችንን ዳብሰን «አጣሁት» የምንለው ቃል የዚያው ሥር ልጅ ነው። ሮሜ 3፥23ም «ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋልና የእግዚአብሔርም ክብር ጐድሎአቸዋል» ይላል። ጐደለ። ገንዘብ ያዥ የሆናችሁ ይህ ቃል ቢሮ ውስጥ ሲነገር ሆድ እንዴት እንደሚባባ ታውቃላችሁ።

ማታ ካዝናው ሲቆጠር በደረሰኙ መሠረት 48,000 ብር መኖር ሲገባው 45,500 ተገኘ እንበል። ጉድለቱ 2,500 ነው። ገንዘብ ያዡ በማግስቱ አንዲት ሳንቲም ሳያጎድል ቢሠራ የትናንቱ 2,500 ይሞላል? አይሞላም። ዛሬን በትክክል መሥራት የዛሬው ግዴታ ነው፤ ለትናንት የሚተርፍ ነገር የለውም። ጌታ በሉቃስ 17፥10 የታዘዛችሁትን ሁሉ ባደረጋችሁ ጊዜ እንኳ «ልናደርገው የሚገባንን አድርገናል» በሉ ያለው ለዚህ ነው። ምጽዋታችሁ፣ ጾማችሁ፣ እናታችሁን መርዳታችሁ ቀድሞውንም የሚገባ ነበር። በትርፍነት ተይዞ ለአሮጌ ጉድለት መክፈያ የሚሆን መልካም ሥራ ማንም ሰው እጅ ላይ የለም።

ይህ ያልገባው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ከሙያው አንድ ነገር ላሳያችሁ። ገንዘብ ሰብሳቢው ከአንዱ ደንበኛ የተቀበለውን ለራሱ ያውለዋል። መዝገቡ እንዳይጋለጥ የሚቀጥለው ደንበኛ ሲከፍል በዚያ ገንዘብ የመጀመሪያውን ስም ያወራርዳል። የሁለተኛውን በሦስተኛው፣ የሦስተኛውን በአራተኛው ይሸፍናል። ማንም ሰው ገልጦ ቢያይ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። ይህ ሰው በምን ይታወቃል? ዕረፍት አይወጣም። የዓመት ፈቃዱን ያጠራቅማል፣ ታሞም ቢሮ ይገባል፣ አለቆቹም ትጉህ ነው ብለው ያመሰግኑታል። አንድ ሳምንት ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ጥሩ ቁጥጥር ያለው መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛውን በግድ ፈቃድ የሚያስወጣው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

የነፍሱን ጉድለት በመልካም ሥራ የሚሸፍንም እንዲሁ ዕረፍት የለውም። ረቡዕ ጸሎት፣ ቅዳሜ በጎ አድራጎት፣ እሑድ መዘምራን። ሥራው ክፉ አይደለም፣ እግዚአብሔር ያክብረው። ነገር ግን ትናንትን ለመሸፈን ተመድቧል። አንድ ሳምንት ሲቀር የሚሰማው ናፍቆት ሳይሆን ድንጋጤ ነው፤ ራሳችሁን በዚህ ምልክት መርምሩ። በሽታው ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ፣ ጴንጤ ብሎ አይለይም፤ አንዱ ስግደቱን ይቆጥራል፣ ሌላው በጸሎት የቆየበትን ሰዓት።

በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊም መዝገቡ ሐሰት አልነበረም። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጾሟል፤ በዓመት 104 ቀን ይሆናል። የሙሴ ሕግ በስም ለይቶ ያዘዘው ግን የማስተስረያውን ቀን አንዱን ነው። ካገኘውም ሁሉ አሥራት አውጥቷል። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ጻድቅ ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰው «እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ያለው ቀራጭ ነው። ቀራጩ ያቀረበው ጉድለቱን ብቻ ነበር።

ታዲያ ጉድለቱን ማን ይሞላዋል? «እግዚአብሔር ቸር ነው፣ ዝም ብሎ ይተወዋል» የሚል ብዙ ነው። ቸርነቱ እውነት ነው፤ «ዝም ብሎ» የሚለው ግን ስሕተት ነው። አበዳሪ ተበዳሪውን «ምሬሃለሁ» ሲለው ዕዳው አየር ላይ አይበንንም። አበዳሪው 100,000 ብር ከማረ በ100,000 ብር ደኸየ ማለት ነው፤ ኪሳራው በእርሱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ምሕረት ለተቀባዩ በነፃ ቢሆንም ለሰጪው በነፃ ሆኖ አያውቅም። መስቀሉ እግዚአብሔር ኪሳራውን በራሱ ላይ ያሰፈረበት ነው። ቈላስይስ 2፥14 የዕዳችን ጽሕፈት በመስቀል ተጠርቆ ተወገደ የሚለው ይህን ነው፤ ዕብራውያን 7፥22ም ኢየሱስን «ዋስ» ይለዋል። ዋስ መሆን ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ተበዳሪው ሲያቅተው የሚንኳኳው የዋሱ በር ነው።

አሠራሩን በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ ወደ ፊልሞና የተጻፈውን ደብዳቤ አንብቡ፤ 25 ቁጥር ብቻ ነው፣ ሻይ እስኪበርድ ያልቃል። አናሲሞስ ጌታውን ፊልሞናን በድሎ ሄዷል። ጳውሎስ ሲያማልደው በቁጥር 17 እንደ እኔ አድርገህ ተቀበለው ይላል፤ በቁጥር 18 ደግሞ ብድር ካለበት «ይህን በእኔ ላይ ቍጠር»። ቀጥሎም እኔ እመልሰዋለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል። የአናሲሞስ ዕዳ ወደ ጳውሎስ ዞረ፣ የጳውሎስ ክብር ወደ አናሲሞስ። ክርስቶስ ለእኛ ያደረገው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ዕዳዬ ተሰረዘ፣ አሁን ከዜሮ ተነሥቼ የራሴን ጽድቅ ላጠራቅም ይላል። በዜሮ ላይ የተተወ ሰው ግን ማታ እንደገና ይጎድልበታል። እኛ በክርስቶስ ጽድቅ እንደ ክርስቶስ ተቀባይነት አግኝተናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መዝገብ ስትመረምሩ መጠኑን ብቻ አትዩ፤ የተመዘገበበትን ቀን እዩ። ጳውሎስ በሮሜ 4 አብርሃምን እንዲህ ነው የመረመረው። «አብርሃም እግዚአብሔርን አመነ፥ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት» የተባለው በዘፍጥረት 15 ነው። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር፤ ይህ ገና ምዕራፍ 16 ነው። የተገረዘው በምዕራፍ 17፣ በ99 ዓመቱ። ስለዚህ ጽድቁ ከተመዘገበ በኋላ ቢያንስ 13 ዓመት ሳይገረዝ ኖሯል። ሕጉ ደግሞ በገላትያ 3፥17 መሠረት ከተስፋው 430 ዓመት ዘግይቶ መጣ። ገና ያልተሠራ ሥራ የጽድቁ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በኋላ የመጣ ደረሰኝ ቀድሞ የተከፈለን ሒሳብ አያስረዳም።

ይህን ከያዛችሁ ያዕቆብ 2 አያስደነግጣችሁም። ያዕቆብ አብርሃም በሥራ ጸደቀ ሲል የሚጠቅሰው ይስሐቅን በመሠዊያ ያቀረበበትን ቀን ነው፤ ይህ ዘፍጥረት 22 ነው። ይስሐቅ የተወለደው አባቱ 100 ዓመት ሲሞላው ነው፣ በዚያ ቀን ደግሞ እንጨት ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ልጅ ሆኗል። ከምዕራፍ 15 ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። ጳውሎስ ዛፉ የተተከለበትን ቀን ይነግረናል፣ ያዕቆብ ፍሬው የታየበትን። ገበሬው «ችግኙ ጸደቀ» ሲል ሥር ያዘ ማለቱ ነው። ችግኝ አፍርቶ አይጸድቅም፤ ጸድቆ ነው የሚያፈራው። ዓመታት አልፈው አንድም ፍሬ የሌለበት ግንድ ካያችሁ ደግሞ መጀመሪያውኑ አልጸደቀ ይሆናል ብላችሁ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የያዕቆብ ክርክር ይኸው ነው።

ኤፌሶን 2ንም ከቁጥር 8 እስከ 10 ሳታቋርጡ አንብቡ። ሁለት ፊደል ልብ በሉ። በቁጥር 9 «ከሥራ አይደለም» ይላል፤ በቁጥር 10 መልካሙን ሥራ «ለማድረግ» ተፈጠርን ይላል። የዳንነው «ከ» ሥራ ሳይሆን «ለ» ሥራ ነው። አብዛኛው ሙግት የሚነሣው እነዚህን ሁለቱን በማለዋወጥ ነው።

በተግባር ስትወድቁ ምን ታደርጋላችሁ? ከሁሉ በፊት ጥፋቱን በስሙ ጥሩት። «ጌታ ሆይ በድያለሁ» ብቻ ማለት «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ እንደ መመዝገብ ነው፤ ምንም አይገልጥም። «ሦስት ቀን መስክ ወጥቼ አምስት ቀን ብዬ አበል ፈርሜአለሁ» በሉ። 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 ለሚናዘዝ እግዚአብሔር «የታመነና ጻድቅ ነው» ይላል። መሐሪ ነው ቢል ይጠበቅ ነበር። ጻድቅ ያለው ዕዳው በዋሱ ስለ ተከፈለ ነው፤ ጻድቅ ዳኛ አንድን ዕዳ ሁለት ጊዜ አያስከፍልም።

ቀጥሎ የወሰዳችሁትን መልሱ። ዘሌዋውያን 6 ዋናውን ከነአምስተኛው እጅ ይላል። ያለ አግባብ የወሰዳችሁት አበል 1,600 ብር ከሆነ 320 ተጨምሮ 1,920 ይሆናል። ይህ የሙሴ ሕግ ልክ ነው፣ ዛሬ እንደ ሕግ አያስራችሁም፤ ግን የልብን ቅንነት ለመለካት ጥሩ መስፈሪያ ነው። እዚህ ላይ የሚበዛው ስሕተት ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ነው። የመሥሪያ ቤት ገንዘብ አሥራት ወይም ስእለት አይሆንም። ለባለቤቱ ነው የሚመለሰው፤ ዘኍልቍ 5፥8 ወደ ካህኑ እንዲሄድ የሚፈቅደው የሚቀበል የቅርብ ዘመድ ሲታጣ ነው። ቅጣት ቢከተል ተቀበሉ። በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተብሎም ከመስቀሉ አልወረደም።

ለመመለስ ገንዘቡ ከሌላችሁ በየወሩ ከደመወዛችሁ ቁረጡ፤ ይቅርታው ግን የመጨረሻውን ክፍያ አይጠብቅም። ዘኬዎስ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እሰጣለሁ ሲል ጌታ «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» አለው። በዚያች ሰዓት ዘኬዎስ ገና አንዲት ዲናር አልከፈለም። ደግሞም ጌታ በስሙ ጠርቶ ቤትህ ልውል ያለው ዘኬዎስ አፉን ሳይከፍት ነው። እዚህም ቀኑን እዩ።

በራሳችሁ ላይ ቅጣት አትፍረዱ። «ይህን ስላደረግሁ ሰባት ቀን አልበላም» የሚል ጾም ክፍያ ነው። ጾም ሥጋን መግዣ፣ ለጸሎት ጊዜ መስጫ ነው። የንስሐ አባት ያላችሁም የሚሰጧችሁን ቀኖና እንደ መድኃኒት ውሰዱት እንጂ እንደ ዋጋ አትቁጠሩት።

«ጸጋ ከሆነማ እንዳሻን እንኑር» ለሚለው ሮሜ 6 በሁለት ቁጥር መልሷል፤ እኔም አላረዝመውም። ምሕረቱን አስቀድሞ አስልቶ የሚበድል ሰው ዋሱን አያውቀውም። ወዳጁ በእርሱ ዕዳ ቤቱን ሲሸጥ ያየ ሰው በማግስቱ በዚያው ወዳጁ ስም ሊበደር አይሄድም።

የቀረኝ የማቴዎስ 18 ባሪያ ነው። እልፍ፣ ማለትም 10,000 መክሊት ዕዳ ነበረበት። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነው፤ አንድ ዲናር ደግሞ በማቴዎስ 20 እንዳለው የሠራተኛ የቀን ደመወዝ። በድምሩ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። እንዲህም ሆኖ የለመነው ምሕረት አልነበረም፤ «ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» ነው ያለው። ጊዜ ጠየቀ። ጌታው ግን ጊዜ ሳይሆን ምሕረት ሰጠው። እኔ እንደማነበው ሰውዬው የተሰጠውን ነገር አልሰማም፤ የክፍያ ጊዜ የተራዘመለት መሰለው። ወጥቶ ባልንጀራውን አንገቱን ያነቀው ገና የሚከፍል ሰው ስለሆነ ነው፤ ከፋይ ሰው ደግሞ ሰብሳቢ ይሆናል።

ያኛው ባልንጀራ የነበረበት 100 ዲናር ነበር፤ በወር 25 ቀን ለሚሠራ ሰው የአራት ወር ደመወዝ። ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ወንጌሉም ቀላል ነው አላለም። እናንተም አራት ወር የሚያህል ነገር የወሰደባችሁ ሰው ቢኖር፣ የቤት ኪራይ ተበድሮ የጠፋ ጓደኛ፣ ስማችሁን ያጠፋ የሥራ ባልደረባ፣ ይቅርታ ሲጠይቃችሁ «ምንም አይደል» አትበሉት። ምንም ካልሆነ ይቅር የሚባል ነገር የለም። መጠኑን በልኩ ንገሩት፤ ይህን ያህል ወስደህብኛል፣ ይህን ያህል ጎድቶኛል። ከዚያ ኪሳራውን በራሳችሁ መዝገብ አስፍሩና «ምሬሃለሁ» በሉት። እንደገና ማበደር ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን በማስተዋል አድርጉት። ስልኩ ካላችሁ ግን እስኪደውል አትጠብቁ።