የዶሮ ላባ መንቀያ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከበርሜልና ከሞተር በቤት ስለሚሠራው የዶሮ ላባ መንቀያ ባለፈው ብነካካ ጥያቄው ጎረፈ። ላላያችሁት፦ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ግድግዳውና የሚሽከረከረው ሥሩ ላይ የጎማ ጣቶች ተሰክተዋል። ታርዳ ደሟ የፈሰሰና ፍል ውሃ የገባች ዶሮ ትጨመራለች፣ ትንከባለላለች፣ ጎማው ላባዋን ይጠርጋል። ከላይ ውሃ ይለቀቃል። በደንብ ከሠራ ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል።

ከተክለሃይማኖት ሰፈር፦ ትራፓኖ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ትንሹ መንቀያ አይበቃም?

ለበዓል ሁለት ሦስት ዶሮ ለሚያርድ ቤት ይበቃል። በባትሪ የሚሠራ ትራፓኖ ይሁን እንጂ።

ከካዛንቺስ፦ ለምግብ ቤቶች ዶሮ የሚያቀርብ ወጣት ነው። ማሽኑን አስበይዶ ጨርሷል። ይዞራል። ግን የአንዷ የክንፍ ላባ እንዳለ ይቀራል፣ የሌላዋ የደረት ቆዳ ይተለተላል። ሞተሩን በትልቅ ልቀይረው ወይ ይላል።

ተው ወንድሜ፣ ሞተሩ ምን በደለህ? ደብዳቤህ ስለ ቺንጋው፣ ስለ ኩሽኔታው፣ ስለ ብየዳው ሁሉ ያወራል። ስለ ውሃው ግን «የፈላ» ከማለት ሌላ ምንም የለም። ችግርህ ያለው እዚያ ነው። ላባን የሚያላቅቀው ሙቀት ነው። ማሽኑ የላላውን ይጠርጋል እንጂ የጠበቀውን አይነቅልም። ውሃው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ዶሮዋ አንድ ደቂቃ ያህል ስትቆይበት የላባው ሥር ይለቃል። ውሃው ከቀዘቀዘ ላባው አልለቅም ይላል። ከፈላ ደግሞ ቆዳዋ ይበስላል፣ የበሰለ ቆዳ ጎማ ሲነካው ይቀደዳል። አንተ ጋ ሁለቱም የደረሱት የመጀመሪያዎቹ ከእሳት እንደወረደ፣ የኋለኞቹ ለብ ባለው ስለገቡ ይመስለኛል።

«ግማሽ የፈላ፣ ግማሽ ቀዝቃዛ» የሚልህ ሰው አይጠፋም። ጅቡቲ ላይ ያስኬድ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የቧንቧችንም ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ግማሽ በግማሽ ስትቀላቅል 55 አካባቢ ላይ ትቀራለህ። ሦስት እጅ የፈላ በሁለት እጅ ቀዝቃዛ አድርገው፣ ወደ 62 ይመጣልሃል። ይህም መነሻ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ድስቱም ዶሮዋም ሙቀት ይሻማሉ። ስለዚህ ቴርሞሜትር ግዛ። ለሞተር ያሰብከውን ብር አታወጣበትም።

ዶሮዋን በእግሯ ይዘህ ውሃው ውስጥ ከፍ ዝቅ አድርጋት። ጠብ የምታህል የዕቃ ሳሙና ጨምርበት፣ የላባው ቅባት ውሃ አያስገባም። ከዚያ ትልቁን የክንፍ ላባ ሳብ አድርገህ እይ። ሳይታገልህ ከወጣ ወደ በርሜሉ። ከታገለህ ውሃው ውስጥ ትንሽ ጊዜ ጨምርላት። ዕድሜ የጠገበች የሐበሻ ዶሮ ቆየት ትላለች። የፈረንጅ የሥጋ ዶሮ ግን ቆዳዋ ለጋ ነው፣ ቶሎ አውጣት።

ፍጥነቱ ስንት ይሁን?

በደቂቃ ከ200 እስከ 250 ዙር። ሞተሩ 1,450 የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ላይ 6 ሳንቲሜትር፣ ዘንጉ ላይ 36 ሳንቲሜትር ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ) ግጠሙ። 240 ገደማ ይሆናል።

ጣቶቹን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ብቆርጣቸውስ? ምናለሽ ተራ ሞልቷል።

ምናለሽ ተራ የማይሞላ ነገር የለም። የመኪና ጎማ ግን ውስጡ ክርና ሽቦ አለው። ጎማው ሲበላ ሽቦው ሥጋው ውስጥ ነው የሚገባው። ለምግብ ሥራ የተሠራ ጎማ ፈልጉ።

ኬሚካል የነበረበት በርሜል በደንብ ቢታጠብስ?

አይሆንም።

ከፒያሳ፦ አንዲት እህት ጽፈውልኛል። የሚኖሩት አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት በሆነበት ግቢ ነው። ባለቤታቸው ማሽኑን ሠርተው ከመኝታ ቤት በኤክስቴንሽን ስበው ግቢ ውስጥ ሊያስነሱት ነው። «ለበዓል ብቻ ነው» ይላሉ አሉ።

እህቴ፣ ይህን ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ማሽኑ ሥራው ራሱ ውሃ ነው። ጎማው ይረጫል፣ እጅ ይርሳል፣ መሬቱ ይርሳል፣ ቋሚው ብረት ነው። የሚገባው 220 ቮልት ነው። ብዙ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ የኧርዝ ሽቦ የለውም። የሞተሩ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ብረቱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ሰው እስኪነካው ድረስም አይታወቅም። «ብሬከር አለን» እንዳይሉ። ቆጣሪው አጠገብ ያለው ተራ ብሬከር ሽቦ እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት አልተሠራም። የሚያስፈልገው 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ ወዲያው የሚቆርጠው የብሬከር ዓይነት ነው። ቋሚው በኧርዝ ይታሰር፣ ማብሪያ ማጥፊያው ውሃ ከማይደርስበት ይራቅ፣ ቺንጋው በላሜራ ይሸፈን፣ በዓል ነውና ግቢው ልጅ በልጅ ነው። ይህን ሁሉ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ሰፈር ውስጥ «ትንሽ ትንሽ የሚነካካ» ልጅ አይደለም ያልኩት። ባለሙያው እስኪመጣ ላባው በእጅ ይነቀል፣ ስንት ዘመን በእጅ ተነቅሎ የለም?

ከኮንዶሚኒየም፦ ኮሚናሉ ውስጥ ብንተክለው?

ኮሚቴው ከፈቀደና ከላይ ያልኩት የኤሌክትሪክ ነገር ከተሟላ ጥሩ ቦታ ነው። ላባውን ግን ወደ ፍሳሹ አትልቀቁ። ከበርሜሉ መውጫ ሥር ወንፊት አድርጉና በማዳበሪያ ጆንያ ሰብስቡት። ናይትሮጅን አለው፣ ለአፈር ይሆናል፣ ለመበስበስ ብቻ ሰነፍ ነው።

ዶሮ አዘጋጅቶ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል?

ወረዳችሁን ጠይቁ።

እናቴ ለዶሮ ወጥ ቆዳዋን ገፍፋ ነው የምትሠራው፣ ታዲያ ማሽኑ ለምኔ?

እናትህ ረትተውናል። ቆዳው የሚጣል ከሆነ ከነላባው መግፈፍ ይቻላል። ማሽኑ የሚያዋጣው ቆዳዋ ለሚፈለግ ጥብስ፣ ወይም በአንድ ቀን ብዙ ዶሮ ለሚያዘጋጅ ሰው ነው። አንተ ብሩን ለሽንኩርት አውለው። አሥራ ሁለቱን ብልት ማውጣት ካልቻልክ ደግሞ እሱን የሚሠራልህ በርሜል የለም፣ ከእናትህ አጠገብ ቁጭ በል።